የክሪኬት ክለባችንን የመለማመጃ መረብ ለማሳደስ ገንዘብ ስለማሰባሰብ (ምዕራብ ሜልበርን)

የመረብ ዳር አባት
ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በምዕራብ ሜልበርን ለምንኖር ወላጆች ቅዳሜ ጠዋት ልጅን ነጭ ሱሪ አልብሶ ወደ ክሪኬት ሜዳ ማድረስ እንግዳ ነገር መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። እኔም ሁለት ልጆቼን ለአራት ዓመታት ሳመላልስ፣ መጀመሪያ ከመኪና ሳልወርድ፣ ቀጥሎ ታጣፊ ወንበር ይዤ፣ በመጨረሻም ሳላስበው የክለቡ ኮሚቴ አባል ሆኜ አረፍኩት። ይህን የምጽፈው ክለባችን የልምምድ ቦታውን ለማሳደስ ገንዘብ ማሰባሰብ ስላለበትና ከወገኖቻችን ምን ያህል፣ በምንስ መንገድ መጠየቅ እንደሚገባ ምክራችሁን ስለምሻ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። ውድድሩ በሰፊ ሜዳ ላይ ቢደረግም ተጫዋች የሚታነጸው በመለማመጃ መረብ ውስጥ ነው፤ ይኸውም በሽቦ የታጠረ ጠባብ መስመር ሲሆን በአንዱ ጫፍ ቦውለሩ ኳስ ይወረውራል፣ በሌላው ጫፍ መቺው በባት ይመልሳል። በሁለቱ ጫፎች በሚተከሉት እንጨቶች መካከል ያለው ርቀት 20.12 ሜትር ነው። የአዋቂዎች ኳስ ከ156 እስከ 163 ግራም ይመዝናል፤ ቆዳ የለበሰና እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነው። ኳሱ መሬት ነጥሮ ወደ መቺው ስለሚሄድ የወለሉ ልሙጥነት የውበት ጉዳይ ሳይሆን የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ክለባችን ሦስት እንዲህ ያሉ መስመሮች አሉት። በመጀመሪያው ላይ ቦውለሩ ኳሱን ሲለቅ የፊት እግሩ የሚያርፍበት ስፍራ ሰው ሠራሹ ሣር ተበልቶ፣ የድስት ክዳን የሚያህል ሲሚንቶ አግጦ ይታያል፤ ልጆቹ እዚያ ላይ ሲረግጡ ይንሸራተታሉ። ሁለተኛው መሃሉ ላይ ተቀዶ በፕላስተር ተለጥፏል፤ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ሦስተኛው ከሁሉም የባሰ ነው። ከአጥሩ ጀርባ የቆመው ባሕር ዛፍ ሥሩን ከወለሉ በታች ሰዶ ሲሚንቶውን አንስቶ ሰንጥቆታል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ከዚህ አገር ወደ እኛ የሄደው ይህ ዛፍ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው አዲስ አበባ ላደገ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ባለፈው የካቲት ታላቁ ልጄ በዚያ በሦስተኛው መስመር ሲለማመድ፣ ፈጣን ያልሆነ ልጅ የወረወረው ኳስ ስንጥቁ ላይ አረፈና ጉልበቱ ዘንድ መድረስ ሲገባው ወደ ፊቱ ተስፈንጥሮ የራስ ቁሩን ፍርግርግ መታው። ልጄ ሳቀ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2014 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የነበረው ፊሊፕ ሂዩዝ በሲድኒ ሜዳ አንገቱን በኳስ ተመትቶ ከሁለት ቀን በኋላ ማረፉን ያኔ ሰምቼ የሌላ ሰው ሐዘን አድርጌ ነበር ያለፍኩት።

ሁለት የዋጋ ማቅረቢያ አግኝተናል። የሦስቱን መስመሮች ሣርና መረብ ብቻ መለወጥ ወደ 31,000 ዶላር፣ ሁሉንም አፍርሶ አራት መስመር አድርጎ መሥራት ደግሞ ከ160,000 ዶላር በላይ ይጠይቃል። ክለቡ በባንክ ያለው 9,000 ዶላር ነው። ከታዳጊዎቹ መካከል ወደ 20 የሚጠጉት የእኛና የኤርትራውያን ልጆች ስለሆኑ ኮሚቴው «አንተ ማኅበረሰብህን አነጋግር» ብሎኛል። ከየት ልጀምር?


ሲሚንቶ
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድማችን፣ ከመዋጮው አይጀምሩ። ነገርን ከሥሩ ይባላል፤ የእርስዎ ነገር ደግሞ በእውነትም ሥር ነው። እኔ ለዓመታት የካውንስል (የአካባቢ አስተዳደር) የኮንክሪት ሥራዎችን ስሠራ የቆየሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ያየሁትን ልንገርዎት።

እዚህ አገር ክለቦች የሚጫወቱበት ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ የካውንስሉ ንብረት ነው። ክለቡ በየወቅቱ ፈቃድ ወስዶ ይጠቀማል፤ በክረምት ደግሞ ያው ሜዳ ለአውስትራሊያ እግር ኳስ ክለብ ይሰጣል። ስለዚህ ያለ ካውንስሉ የጽሑፍ ስምምነት አንድ አካፋ አፈር እንኳ ማንሳት አይችሉም። ገንዘቡን ሰብስበው ካበቁ በኋላ ካውንስሉ «ይህ ዛፍ የተጠበቀ ነው» ወይም «የውሃ ማስወገጃ መስመር ከሥር ያልፋል» ቢልዎት የሰው ብር ይዘው ይቀመጣሉ፤ በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ደግሞ የሰው ብር ይዞ እንደመቀመጥ ያለ ስም አጥፊ ነገር የለም።

ስለ ሥራውም ጥቂት ልበል። የ31,000ው ዋጋ ሦስተኛውን መስመር የሚጨምር ከሆነ ገንዘብዎን እየጣሉ ነው። በተነሳና በተሰነጠቀ ወለል ላይ አዲስ ሣር ቢያነጥፉ ሣሩ ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ አይጠግነውም፤ እንዲያውም መቺው ስለማያየው የበለጠ አደገኛ ይሆናል። ሁሉንም አፍርሰው የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ ተቋራጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፦ «የኮንክሪቱ መጋጠሚያ የት ላይ ይወድቃል?» ኮንክሪት ሲደርቅ ስለሚኮማተር በየተወሰነው ርቀት መቆራረጫ ይደረግለታል። ያ መቆራረጫ ኳሱ አዘውትሮ በሚነጥርበት ስፍራ ላይ ከዋለ ነገ የልጅዎ ታሪክ ይደገማል። ይህን ጥያቄ ሰምቶ ግራ የሚጋባ ተቋራጭ የመኪና መግቢያ እንጂ የክሪኬት መረብ ሠርቶ አያውቅም።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። አዲስ ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ሣሩ የሚጣበቅበት ማጣበቂያም ደረቅ ወለል ይፈልጋል። በሜልበርን ክረምት ሁለት ደረቅ ቀን ተከታትሎ ማግኘት ዕድል ነው። ወቅቱ በኦክቶበር ስለሚጀምር ከአሁኑ ካልታሰበበት ሥራው ወደሚቀጥለው ዓመት ያልፋል።


ግልጽ ተናጋሪ
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይቅርታ ይደረግልኝና የማይወደድ ነገር ልናገር ነው። ከላይ እንደተገለጸው ሜዳው የካውንስሉ ነው፤ የተሠራውም የካውንስሉ ሆኖ ይቀራል። እኛ በየዓመቱ ለካውንስሉ ግብር እንከፍላለን። ታዲያ የመንግሥትን ንብረት ለማሳደስ ከታክሲ ሹፌርና ከአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኛ ኪስ የምናወጣው ስለምንድን ነው? በዚህ ዓመት ብቻ ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ፣ ለእድር፣ ለሁለት የሐዘን ቤት፣ አገር ቤት ለታመመ ዘመድ አዋጥቻለሁ። አሁን ደግሞ ለክሪኬት?

ሁለተኛም ጨዋታው የእኛ አይደለም። ልጆቻችን ሯጭ ወይም ኳስ ተጫዋች ቢሆኑ ይገባኛል። ለአምስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ መሃል ላይ ሻይ ጠጥቶ፣ ማን እንዳሸነፈ ሳይታወቅ የሚያልቅ ጨዋታ ግን አሁንም አልገባኝም።


የመረብ ዳር አባት
ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሲሚንቶ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ስለ መጋጠሚያው የጻፉትን አትሜ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ለግልጽ ተናጋሪ፦ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ የመጀመሪያውን ማለቴ ነው። የሁለተኛውን መልስ ግን ለልጆቹ እተዋለሁ።


የቀድሞ ታዳጊ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እኔ እዚሁ ያደግኩ ስለሆንኩ በአማርኛዬ ላይ ስሕተት ብታገኙ ታገሱኝ። ከ11 ዓመቴ ጀምሮ ክሪኬት ተጫውቻለሁ፤ አሁን ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ።

«ጨዋታው የእኛ አይደለም» ለተባለው አያቴ አንድ ጊዜ ሜዳ መጥተው ሲያዩ የተናገሩትን ላካፍላችሁ። ትንሽ ቆይተው «ይህማ ገና ነው» አሉ። ገና በበትር ኳስ የሚመታበት ጨዋታ ነው፣ በደንቡ ከክሪኬት ጋር ብዙም አይገናኝም፤ እርሳቸው ግን በትርና ኳስ ካዩ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አልፈለጉም። መቺው ሲወጣ ተቆጥቶ ባቱን ሲጥል ደግሞ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ብለው ሳቁበት። በተጨማሪም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 እዚሁ ሜልበርን ነው፤ ዋናው ስታዲየምም የሜልበርን ክሪኬት ሜዳ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1877 የመጀመሪያው የቴስት ግጥሚያ፣ ማለትም በብሔራዊ ቡድኖች መካከል ለቀናት የሚደረገው ክሪኬት፣ የተካሄደበት ያው ሜዳ። ማሞ ወልዴ በመጀመሪያ ኦሊምፒኩ የሮጠው ክሪኬት በሚጫወቱበት ሣር ዙሪያ ነው ማለት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ኮሚቴዎች ገንዘብ ሲያገኙ የመጀመሪያ ፍላጎታቸው ኳስ የሚተፋ ማሽን መግዛት ነው። እባካችሁ አትግዙ። ማሽኑ መብራትና ቁልፍ ያለው ማከማቻ ይፈልጋል፣ ከሁለት ወቅት በኋላም አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ሰው ታጥቶ አቧራ ይለብሳል። አሠልጣኝ ኳስ የሚወነጭፍበት ረጅም እጀታ ያለው የፕላስቲክ ማንኪያ መሰል መሣሪያ አለ፤ ዋጋው ከማሽኑ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ነገር ግን እርሱንም ቢሆን አሠልጣኙ በቅርብ ርቀት ቆሞ በኃይል ሊጠቀምበት አይገባም፤ መቺውም የራስ ቁር ከነአንገት መከላከያው ማድረግ አለበት። የአገሪቱን ክሪኬት የሚመራው ክሪኬት አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ፈጣን ወርዋሪ ለሚገጥሙ የከፍተኛ ደረጃ ተጫዋቾች የአንገት መከላከያን ግዴታ አድርጓል። እኔ ብሆን ከሚሰበሰበው የመጀመሪያ ብር ለክለቡ የጋራ የራስ ቁሮች መከላከያ እገዛ ነበር፤ የልጅ አንገት ካውንስሉን አይጠብቅም።

ሦስተኛውን መስመር ደግሞ ዛሬውኑ ዝጉት።


ደብተር ያዥ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰላም። በሙያዬ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ፤ የሁለት ማኅበራት ሒሳብም ያለ ክፍያ እይዛለሁ። ግልጽ ተናጋሪ ያነሱትን ጥያቄ በቁም ነገር ልመልስ፣ ምክንያቱም የምትሰበስቡት ገንዘብ መጠን የሚወሰነው በእርሱ መልስ ነው።

ካውንስሉ ንብረቱን የማደስ ኃላፊነት አለበት፤ ነገር ግን በአንድ ካውንስል ሥር በርካታ ሜዳዎች ስላሉ ማን ቅድሚያ ያግኝ የሚለው የሚወሰነው በከፊል ማን ተዘጋጅቶ መጣ በሚለው ነው። የቪክቶሪያ መንግሥት ለስፖርት ቦታዎች የሚሰጠው ዋናው የድጋፍ ገንዘብ የሚጠየቀው በካውንስሉ በኩል እንጂ በክለቡ አይደለም። ክሪኬት አውስትራሊያም ለመሠረተ ልማት የሚሰጠው የድጋፍ ፈንድ አለው። እነዚህ ሁሉ ማመልከቻ ሲቀርብላቸው የሚጠይቁት «ክለቡስ ምን አዋጣ?» ብለው ነው። ስለዚህ የእናንተ 15,000 ዶላር 160,000ውን አይሸፍንም፤ ሌላው 145,000 እንዲመጣ በር ያንኳኳል። ይህን ለወላጆቹ በዚሁ ቋንቋ ብትነግሯቸው ይገባቸዋል።

ስለ አሰባሰቡ ደግሞ እነሆ። ለስፖርት ክለብ በቀጥታ ለሚሰጥ ስጦታ ለጋሹ ከግብር ተቀናሽ አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ1986 የተቋቋመው የአውስትራሊያ ስፖርት ፋውንዴሽን ግን ይህን መብት ስላለው ክለባችሁ በእርሱ ዘንድ ፕሮጀክት ካስመዘገበ 2 ዶላርና ከዚያ በላይ የሰጠ ሁሉ ተቀናሽ መጠየቅ ይችላል። ፋውንዴሽኑ አነስተኛ የአገልግሎት ክፍያ ይይዛል። የበጀት ዓመቱ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጁን 30 ስለሆነ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው ያላችሁ፤ ሰው ግብሩን በሚያስብበት ሰሞን መጠየቅ በሌላ ጊዜ ከመጠየቅ እጅግ ይለያል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ ለእራት ትኬት ወይም ለዕጣ የተከፈለ ገንዘብ ስጦታ አይደለም፣ ከፋዩ በምትኩ የሚያገኘው ነገር አለና። ሁለቱን አትቀላቅሉ። በመግቢያ በር ላይ «ከግብር ይቀነስልዎታል» እያሉ ትኬት የሚሸጡ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ባለማወቅ ቢሆንም ጥፋት ነው።

እባካችሁ ደግሞ ገንዘቡ በማንም ሰው የግል ሒሳብ አይግባ፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስሙን በማልጠቅሰው መሰባሰብ ውስጥ፣ እኔ ራሴ እንዳየሁት፣ ለአንድ በጎ ሥራ የተዋጣ ገንዘብ በአንድ ቅን ሰው ሒሳብ ተቀምጦ፣ ሰውየው ድንገት ታሞ ሆስፒታል ሲገባ ለአራት ወር ሳይንቀሳቀስ ቀረ። አንድም ሳንቲም አልጠፋም። ሆኖም በአራቱ ወር ውስጥ የተወራው ወሬ እስከ ዛሬ አላለቀም።


የቅዳሜ ቡና
ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ሴት ስትሆን የምትጫወተው በዚሁ አካባቢ ባለ ሌላ ክለብ ነው። ወንድሞች ስለ ሲሚንቶና ስለ ግብር አስተማራችሁን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ እኔ ስለ እራቱ ልናገር።

የምዕራብ ሜልበርን ክሪኬት ክለቦች ወላጆች ብዙዎቹ ሕንዳውያን ናቸው፤ ብዙዎቹም ሥጋ አይበሉም። እኛ ደግሞ በጾም የሚበላ ምግብ ስንሠራ የሚያህለን የለም። በክለባችን በያይነቱ ስናዘጋጅ ከዶሮው ቀድሞ ያለቀው ሽሮውና ምስር ወጡ ነበር፤ አንዲት አያት ሦስት ጊዜ ተመልሰው መጥተው ስለ ሽሮው ቅመም ጠይቀውኝ በመጨረሻ ዱቄቱን በከረጢት ሰጥቻቸው ሄድኩ። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ምሽት» ስትሉ ለኢትዮጵያውያን አትሽጡ። እኛ እኛን ጋብዘን፣ እኛው ሠርተን፣ እኛው ከፍለን ብንበላ ብሩ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ኪስ ዞረ እንጂ አልጨመረም።

ቀኑን በሚመለከት፦ የሐዋርያት ጾም ገብቷል፣ ሐምሌ 5 ይፈታል። ከነሐሴ 1 ጀምሮ ደግሞ ፍልሰታ ነው። በመካከሉ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ሐምሌ 26 ቅዳሜ ማታ ትምህርት ተከፍቶ፣ ጾሙም ሳይገባ ስለሚውል ከእርሱ የተሻለ ቀን አላየሁም። ምግብ ለሕዝብ ለመሸጥ ለካውንስሉ ማሳወቅ እንዳለባችሁም አትርሱ።

አንድ ነገር ልጨምር። መረቡ ሲታደስ የሴቶች ቡድን የልምምድ ሰዓት ከወዲሁ በጽሑፍ ይቀመጥ። እኛ ጋ መረቡ ሲያረጅ ሁሉም ይካፈለው ነበር፤ ሲታደስ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ማታ የአዋቂ ወንዶች ሆነና ልጆቻችን ፀሐይ በሚያቃጥልበት ሰዓት ተመደቡ።


ከሊድስ
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከእንግሊዝ አገር ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እዚህ ሁኔታው ይለያል፤ ብዙ የመንደር ክለቦች ሜዳቸውን ራሳቸው ይዘው የሚያስተዳድሩ፣ ገቢያቸውም በአብዛኛው ከክለቡ ቡና ቤት የሚገኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ባለው ሥርዓት እንደ ማኅበረሰብ ስፖርት ክለብ የተመዘገቡት ከለጋሽ በሚቀበሉት በእያንዳንዱ 1 ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ከመንግሥት ይጨመርላቸዋል።

ለእናንተ ይጠቅማል ብዬ የማስበው ግን «100 ክለብ» የሚባለው ነው። አንድ መቶ ሰው ቁጥር ይይዛል፣ በየወሩ ጥቂት ፓውንድ ይከፍላል፣ በየወሩ ዕጣ ይወጣል። ከተሰበሰበው ግማሹ ለዕጣ አሸናፊዎች፣ ግማሹ ለክለቡ ይሆናል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነግሩኝ «እቁብ ነው እንዴ?» ብዬ ነበር። እቁብ አይደለም፣ ሁሉም ተራው አይደርሰውምና፤ ግን በየወሩ ያለማቋረጥ መክፈልን ለለመደ ሕዝብ እንግዳ አይሆንም። የክለባችን አዲስ መረብ በሦስት ዓመት ውስጥ የተሠራው በአብዛኛው በዚህ ነው፤ አንድም ትልቅ ዝግጅት ሳይደረግ።


ደብተር ያዥ
ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ነገር ግን በቪክቶሪያ ዕጣ ማውጣት በቁማር ሕግ ሥር የሚወድቅ ስለሆነ ክለቡ አስቀድሞ በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የማኅበረሰብ ድርጅትነት እውቅና ሊኖረው ይገባል። እውቅናው ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ዕጣው ይቆይ።


የቀድሞ ታዳጊ
ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ማንም እስካሁን የቋሊማ ጥብሱን አለማንሳቱ ገርሞኛል። «በኒንግስ» በሚባለው የግንባታ ዕቃ መደብር ደጃፍ ላይ ቅዳሜና እሑድ ቋሊማ ጠብሶ መሸጥ ለዚህ አገር ክለብ እንደ ዓመት በዓል ነው። መደብሩ ድንኳኑንና መጥበሻውን ያቀርባል፤ ቋሊማ፣ ዳቦና ሽንኩርት የእናንተ ነው። ዋጋው በመደብሩ የተወሰነ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ2.50 ወደ 3.50 ዶላር ከፍ ብሏል። ወረፋው ወራት ስለሚወስድ አሁኑኑ አመልክቱና የተሰረዘ ቀን ካለ እንዲደውሉላችሁ ጠይቁ።

ከልምድ ልንገራችሁ፦ ሽንኩርት ከቤት ከትፋችሁ ሂዱ፣ እዚያ ላይ ስትከትፉ ሰልፉ ይረዝማል። በ10 ኪሎ ሽንኩርት የሚያለቅስ የ14 ዓመት ልጅ ስታዩ ያሳዝናችኋል። ሐላል ቋሊማውን በተለየ መጥበሻ አድርጉ፤ ካልቻላችሁ ሁሉንም ሐላል ግዙ። ሽንኩርቱ ደግሞ ከቋሊማው በታች እንጂ በላይ አይደረግም፤ መሬት ወድቆ ሰው እንዳያንሸራትት ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 መደብሩ ያወጣው ምክር ነው፤ በዚያን ጊዜ አገሩ ሁሉ ስለዚህ ሲከራከር ሰንብቷል። እኛ በአንድ ቀን ወደ 700 ሸጠን ወጪው ሲቀነስ 1,800 ዶላር ገደማ አተረፍን።


ግልጽ ተናጋሪ
ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሁሉንም አነበብኩ። የደብተር ያዥ ማብራሪያ ጥያቄዬን መልሶልኛል። ሁለት ነገር ከተሟላ 100 ዶላር እሰጣለሁ፦ አንደኛ የካውንስሉ የጽሑፍ ስምምነት እንዲታየኝ፤ ሁለተኛ የገባውና የወጣው ሒሳብ እዚሁ ላይ እንዲጻፍ። ስለ ማሞ ወልዴ የተጻፈውን አላውቅም ነበር። ሻዩን ግን አሁንም አልተቀበልኩትም።


የመረብ ዳር አባት
ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

እንኳን አደረሳችሁ፤ የዘገየሁት ሥራው ስለዘገየ ነው። ግልጽ ተናጋሪ በጠየቁት መሠረት የሆነውን ሁሉ እነሆ።

የካውንስሉ መሐንዲስና የዛፍ ባለሙያዋ አብረው መጥተው አዩ። ዛፉ የተጠበቀ ስለሆነ አይቆረጥም፤ ሥሩን የሚገታ ግድግዳ ከመሬት በታች ካልተሠራ በቀር በሦስተኛው መስመር ላይ ምንም ሥራ እንደማይፈቀድ ነገሩን። ሲሚንቶ እንዳሉት ቀድመን ሠርተን ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ከሥሩ ጋር ይቀበር ነበር። መስመሩን ካውንስሉ ራሱ በሰንሰለት ዘግቶታል። ሙሉ ግንባታውን በዕቅዱ ለመያዝና ለክፍለ ሀገሩ ፈንድ ለማመልከት እንደሚያስብበት ጽፎልናል፤ «እንደሚያስብበት» እንጂ «እንደሚያደርገው» አላለም፣ ቃሉን እንዳለ ነው የማስተላልፈው። አንደኛውንና ሁለተኛውን መስመር ሣርና መረብ እንድንለውጥ ግን ሙሉ የጽሑፍ ስምምነት ሰጥቶናል፤ ደብዳቤው በክለቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

የሁለቱ መስመሮች ዋጋ ታክሱን ጨምሮ 19,800 ዶላር ነው። ክለቡ ለኳስ፣ ለኢንሹራንስና ለአንገት መከላከያ 4,000 አስቀርቶ 5,000 አወጣ። በስፖርት ፋውንዴሽኑ በኩል ከ58 ሰዎች፣ ክፍያው ተቀንሶ፣ 6,340 ገባ፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የገባው ከጁን 30 በፊት ባሉት አራት ቀናት ነው። ከሐምሌ 26ቱ እራት 3,910፣ ነሐሴ 24 ከነበረው የቋሊማ ጥብስ 1,760 ተረፈ። ድምሩ 17,010 ሲሆን የሚጎድለው 2,790 ዶላር ነው።

ስሕተታችንንም ልናገር። ለእራቱ 120 ትኬት ሸጠን ለ120 ሰው እንጀራ አዘዝን፤ የቅዳሜ ቡና የነገሩንን ረስተን ከበያይነቱ ይልቅ ለዶሮው ተዘጋጀን። ማታ በሁለት ሰዓት ሽሮው አልቆ ዶሮው በድስቱ ቁጭ ብሎ ነበር። አንድ ሕንዳዊ አባት ወጥ ቤት ገብተው እጃቸውን ታጥበው ምስር እንዲቀቀል አገዙን፤ ከዚያ ወዲህ የኮሚቴው አባል ሆነዋል፣ እኔ እንደሆንኩት ሳያስቡት።

የሴቶቹ ልምምድ ረቡዕ ማታ ሙሉውን እንዲሆን በኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ሰፍሯል። ተቋራጩ ሁለት ደረቅ ቀን እየጠበቀ ነው፤ ያለፉት ሦስት ሳምንታት ዝናብ አላቋረጠም፣ ልጆቹም ለጊዜው በዋናው ሜዳ ላይ ይለማመዳሉ።

የጎደለውን ለመሙላት ሁለተኛ የቋሊማ ቀን አግኝተናል፦ ኅዳር 6 ቅዳሜ። ጠዋት ከ8 እስከ 12 ያለው ተይዟል። ከ12 እስከ 4 አራት ሰው ያስፈልገናል። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ባለፈው ጊዜ አንድ ወንድማችን «በ8» ሲባል ከሰዓት በኋላ መጥተው መጥበሻ ስናጥብ ደርሰዋል።


ግልጽ ተናጋሪ
ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ከ12 እስከ 4 ጻፉኝ። ሽንኩርቱን ከቤት ከትፌ እመጣለሁ።